አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም

የሐረር ቤት አሠራርና የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ደኅንነት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐረርን ለማየት በአየር የሚሄድ መንገደኛ የሚያርፈው በድሬዳዋ፣ በአባ ተና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ጣቢያ ነው። ከዚያ ወዲያ በመኪና ዳገቱን ወጥቶ፣ የሐረማያን ሜዳ አልፎ ከሐረር ይደርሳል። በየብስ ቀን ሙሉ የሚፈጀው መንገድ በአየር አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይወስዳል። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ግን መንገደኛው ነፍሱን በአደራ የሚሰጠው ለአብራሪው ብቻ አይደለም። ከእግሩ በታች፣ ከግድግዳው በስተጀርባና ከአብራሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ውስጥ ተሸሽገው ለሚሠሩት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ጭምር ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች እንዳይሳሳቱ፣ ቢሳሳቱም እንኳ ስሕተታቸው ሰው እንዳይገድል የሚደረገው በምን ዘዴ ነው? ከመብረራቸውስ በፊት «ይህ ይታመናል፤ ይህ አይታመንም» ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? በምንስ ሚዛን ይፈርዳል? ዛሬ በዚህ አምድ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንን ነው። ነገሩ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አገራችን በዚሁ ጉዳይ እጅግ ከባድ ዋጋ የከፈለች ስለ ሆነች፣ ማናቸውም አንባቢ ሊያውቀው ይገባል እንላለን። ነገሩን ለማስረዳትም ከሩቅ አገር ምሳሌ መበደር አያስፈልገንም። የሐረር ጀጎል ቤቶች ይበቁናል።

ከቤት ቤት የማይለወጥ ሥርዓት

በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኘው የጥንት ቤት በሐረሪዎች ቋንቋ «ጌ ጋር» ይባላል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት በጠባብ መንገድ ዳር የቆመ ተራ የድንጋይ ግንብ ነው። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ከቤት ቤት የማይለወጥ ሥርዓት ይገኛል። በዋናው ክፍል ውስጥ ከፍታቸው የተለያየ፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ አምስት መደቦች አሉ። እነዚህም ነደባ ይባላሉ። ከነዚህ መካከል አሚር ነደባ የተባለው ለቤቱ ጌታና ለክብር እንግዳ የተለየ ነው። ትልቁ ጊዲር ነደባ፣ ትንሹ ጢት ነደባ፣ እንደዚሁም ሱትሪ ነደባና ገብቲ ኸር ነደባ የየራሳቸው ስምና ተቀማጭ አላቸው። በግድግዳው ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ ስፍራዎች ተበጅተዋል። ኪርታት የሚባለው ትንሽ ክፍል ደግሞ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ነው።

ይህ ሥርዓት ለግንበኛው ትልቅ ጥቅም ይሰጠዋል። አዲስ ቤት በሠራ ቁጥር ከባዶ አሳብ አይጀምርም። አባቶቹ ሞክረው፣ አይተውና አርመው የተዉለትን ንድፍ ይዞ ይነሣል። ቦታው ጠባብ ቢሆን ያጠበዋል፤ ባለ ቤቱ ባለ ጸጋ ቢሆን ያሰፋዋል፤ ዋናው ነገር ግን አይለወጥም። ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ቤቱን ለሚመረምረው ሰው ነው። የሐረር ቤት ሥርዓት የሚያውቅ ሽማግሌ ወደ አንድ አዲስ ቤት ቢገባ ምን እንደ ጎደለ ወዲያው ያያል። የጎደለውን ለማወቅ ሙሉውን ማወቅ ያስፈልጋልና።

አንባቢዎቻችን ይህን ሁለተኛ ጥቅም እንዲያስታውሱልን እንለምናለን። የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስን ደኅንነት የሚመዝኑ ሰዎች ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነውና።

አሳቡ ከቤት ሠሪ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ

እ.ኤ.አ. በ1977 ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለ አርክቴክት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም መጽሐፍ ውስጥ ስለ ከተማ፣ ስለ ሰፈርና ስለ ቤት አሠራር 253 ንድፎች ተዘርዝረው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ንድፍ አንድ ተደጋጋሚ ችግርን ይናገራል፤ ለችግሩም በብዙ ቦታ ተሞክሮ የተገኘውን መፍትሔ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ አራት የኮምፒዩተር ሊቃውንት ይህንኑ አሳብ ወስደው ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሆኑ 23 ንድፎች አወጡ። ፈረንጆቹ «ዲዛይን ፓተርን» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «አርአያ ንድፍ» እንለዋለን።

ከዚያ ወዲህ የደኅንነት መሐንዲሶች አሳቡን ለሥራቸው አበጁት። አንድ አርአያ ንድፍ ችግሩንና መፍትሔውን ከመናገር አልፎ፣ «ይህ መፍትሔ የሚያገለግለው በምን ሁኔታ ነው? በምን በምንስ ይፈርሳል?» የሚለውን ጥያቄ ከነመልሱ እንዲይዝ አደረጉ። ይህ የሚጻፈው «የብልሽት ዛፍ» በሚባል ሥዕል ነው። ከላይ የሚፈራው አደጋ ይሰፍራል። ከበታቹ ወደዚያ አደጋ የሚያደርሱት ብልሽቶች እንደ ዛፍ ሥር እየተከፋፈሉ ይወርዳሉ። ዛፉ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተሣለ፣ ንድፉን የሚጠቀም ሁሉ ዛፉንም አብሮ ይወስዳል። በአዲሱ አውሮፕላን የቀረው ሥራ በየሥሩ ላይ የዚያን አውሮፕላን ቁጥር መጻፍና ሁኔታው መመሳሰሉን መመርመር ነው።

ይህን ያህል ድካም ለምን አስፈለገ? አብርሮ መሞከር አይበቃምን? ቢሉን መልሱ በሂሳብ ይገኛል። በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሕግ መሠረት የአንድ መሣሪያ ብልሽት ውጤት በአምስት ደረጃ ይመደባል። እነርሱም፦ ምንም ጉዳት የሌለው፣ ቀላል፣ ከባድ፣ አደገኛና የዕልቂት ደረጃ ናቸው። ከባድ የተባለው በመቶ ሺህ የበረራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደርስ ይጠበቃል። አደገኛው በዐሥር ሚሊዮን ሰዓት፣ የዕልቂቱ ደረጃ ደግሞ በአንድ ቢሊዮን ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደርስ ይጠበቃል። አንድ ቢሊዮን ሰዓት ማለት አንድ አውሮፕላን ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ከ114 ሺህ ዓመት በላይ ቢበር የሚሞላው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ዘመን አብርሮ የሚሞክር ሰው የለም። ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው በምርመራና በማመዛዘን ነው፤ ለምርመራውም የታወቀ አርአያ ታላቅ ረዳት ነው።

አራቱ የታወቁ ንድፎች

በአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚገኙት አርአያ ንድፎች አራቱን ብቻ እንጠቅሳለን።

አንደኛው ሁለት ምስክሮችን ማነጻጸር ነው። ሁለት መለኪያዎች አንዱን ነገር ይለካሉ። ቃላቸው ከተስማማ መሣሪያው ይሠራል፤ ካልተስማማ ሥራውን ትቶ ለአብራሪው ያስታውቃል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ሁለቱ ሲጣሉ እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ መሣሪያው አያውቅም። ደግሞም መለኪያዎቹ ሁለት በመሆናቸው አንዱ የመበላሸቱ ዕድል በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ይህ ንድፍ የሚመረጠው «መሣሪያው ዝም ቢል ጉዳት የለም፤ በሐሰት ቢናገር ግን ጉዳት አለ» በሚባልበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው የሦስት ምስክሮች ድምፅ ነው። መሣሪያው ዝም ማለት በማይችልበት ቦታ ሦስት መለኪያዎች ይደረጋሉ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል፤ የሦስተኛው ቃል ይጣላል።

ሦስተኛው አዛዥና ተቆጣጣሪ ነው። አንዱ ኮምፒዩተር ትእዛዝ ይሰጣል። ሌላው ያንኑ ሂሳብ ለብቻው እየሠራ የመጀመሪያውን ይጠብቃል፤ ሲሳሳት ቢያየው ከሥራው ያስወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው ኤርባስ 320 የተሠራው በዚህ ንድፍ ነው።

አራተኛው ዘራቸው የተለያየ መሣሪያዎችን ማጣመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ የጀመረውና የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያበረው ቦይንግ 777 ሦስት ዋና የበረራ ኮምፒዩተሮች አሉት። በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ደግሞ ከሦስት ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የወጡ ሦስት ዓይነት አንጎሎች ተደርገውበታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ሥራ የተሸሸገ ጉድለት ቢኖርበት፣ ያው ጉድለት በሁለቱ ላይ በዚያው ሰዓት ይገኛል ተብሎ አይገመትም።

የመጋቢት 1 ቀን ሐዘን

እነዚህን ንድፎች የምናነሣው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ ወዲያ ወድቆ ተከሰከሰ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በጠቅላላው 157 ሰዎች ሞቱ። ከሠላሳ በላይ በሆኑ አገሮች ለቅሶ ሆነ። ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዚያው ዓይነት የሆነው የላየን ኤር አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ከጃቫ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር።

ምክንያቱን በአጭሩ እንግለጽ። የማክስ ሞተሮች ከቀድሞው 737 ሞተሮች የሚበልጡ ስለ ሆኑ ወደ ፊትና ወደ ላይ ከፍ ብለው ተተከሉ። በዚህም የተነሣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን በጣም ቀና ባደረገ ጊዜ ይበልጥ ወደ ላይ የመሳብ ጠባይ አሳየ። ይህን ለማረም «ኤምካስ» የሚባል ፕሮግራም ተሰጠው። ሥራውም በጅራት በኩል ያለውን አግድም ክንፍ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች መመለስ ነው።

ኤምካስ አፍንጫው ቀና ማለቱን የሚያውቀው ከነፋስ ማዕዘን መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በግራና በቀኝ የተተከለ፣ በነፋስ የሚዞር ትንሽ ክንፍ መሳይ ነገር ነው። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ። በአውሮፕላኑ ላይ ሁለት መለኪያዎች ነበሩ። ኤምካስ ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ምስክሩ ሁለት ሆኖ ሳለ የሚጠየቀው አንዱ ብቻ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ጧት አውሮፕላኑ ከመሬት እንደ ተነሣ የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ ከ15.3 ዲግሪ አልበለጠም። ይህ ቁጥር የተገኘው የአገራችን የአደጋ ምርመራ ቢሮ መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ካወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ነው። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያየ ተራ ሰው እንኳ አንዱ እንደ ሳተ ወዲያው ይረዳል። ኤምካስ ግን የቀኙን ስላልጠየቀ የግራውን አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋ። አብራሪዎቹ መለሱት፤ እርሱ ደግሞ ደፋው። ይህም እየተደጋገመ እስከ መጨረሻው ደረሰ።

የአገራችን ቢሮ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻውን መግለጫ ሲያወጣ መለኪያውን ያሳሳተው የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው አለ። የአሜሪካና የፈረንሣይ መርማሪዎች ደግሞ «መለኪያውን የመታው የውጭ ነገር፣ ምናልባትም ወፍ ነው» አሉ፤ ስለ አብራሪዎቹ አሠራርም በበቂ አልተጻፈም ብለው ተከራከሩ። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ። ኤምካስ በሐሰተኛው ምስክር ተመርቶ አፍንጫውን ደጋግሞ መድፋቱን የካደ የለም። ለደኅንነት መዛኝ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። ወፍ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ሽቦም አልፎ አልፎ ይበላሻል። የንድፉ ተግባር የአንዱ መለኪያ መሳት ወደ ሞት እንዳያደርስ መከላከል ነበር። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላል የአገራችን ሰው፤ ሁለት ዓይን እያለው አንዱን ጨፍኖ የሚጫወትማ ምን ሊባል ነው?

በማይገባው ነደባ የተቀመጠ መሣሪያ

«ይህን ያህል የታወቀ ንድፍ እያለ እንዴት ተዘለለ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ከላይ ከዘረዘርናቸው አምስት ደረጃዎች ጋር የተያያዘ ነው።

በሐረር ቤት ውስጥ ማን በየትኛው ነደባ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ተቀማጩ በደረጃው ካልተቀመጠ የቤቱ ሥርዓት ይፋለሳል። በአውሮፕላንም ቤት አንድ መሣሪያ የሚቀመጥበት ደረጃ ንድፉን ይወስናል። የብልሽቱ ውጤት ዕልቂት ነው ከተባለ አንድ ነጠላ ብልሽት ወደዚያ እንዲያደርስ አይፈቀድም፤ ከባድ ብቻ ነው ከተባለ ግን አንድ መለኪያ ይበቃል ሊባል ይችላል። ኤምካስ በተራ በረራ ላይ ያለ ምክንያት ቢሠራ ውጤቱ «ከባድ» ነው ተብሎ ተመደበ። የተመደበበትም ምክንያት «አብራሪዎቹ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነገሩን አውቀው ያርሙታል» የሚል ግምት ነበር። በእውነተኛው አደጋ ጊዜ ግን አብራሪዎቹን ያስጨነቃቸው ኤምካስ ብቻ አልነበረም። በዚያው በሳተው መለኪያ ምክንያት መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎችም በግራና በቀኝ ተለያይተው ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በመጀመሪያ ኤምካስ በአንድ ጊዜ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው 0.6 ዲግሪ ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በኋላ 2.5 ዲግሪ ሆነ። መለኪያው መሳቱን ካልተወም ደግሞ ደጋግሞ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ኃይሉ ሲያድግ ደረጃው አብሮ አላደገም። ተቀማጩ ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ በቀድሞው ነደባ ተቀመጠ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የሚከተለው ነው። ቦይንግ ኤምካስ የሚባል መሣሪያ በመጀመሪያ ያበጀው ለማክስ አልነበረም። ኬሲ 46 ለሚባለው፣ በአየር ላይ ነዳጅ ለሚያድለው የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ያዘጋጀው ኤምካስ የሁለት መለኪያዎችን ቃል ያነጻጽር ነበር፤ አብራሪውም መሪውን በመሳብ ሊያሸንፈው ይችል ነበር። ወደ ማክስ ሲሻገር ስሙና ተግባሩ አብረው መጡ፤ ሁለተኛው ምስክር ግን ቀረ። ከሐረር ቤት ንድፍ ወስዶ ቤት የሠራ ሰው ጣሪያውን የሚሸከመውን ግንድ ቢተው ማለት ነው። ንድፍን መድገም ብቻውን ደኅንነት አይሆንም። ከንድፉ ጋር ምክንያቱም መምጣት አለበት።

አምስት በር፣ አንድ ቁልፍ ያዥ

ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ምስክር ማብዛት ይበቃል» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህም ሙሉ መልስ አይደለም። ለዚህም ሐረር ሌላ ምሳሌ አላት።

በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች ነበሩት። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፤ ቁልፎቹም ወደ አሚሩ ይወሰዱ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ አንድ መርማሪ «ስንት በር አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አምስት ይባላል። «ስንት ቁልፍ ያዥ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን አንድ ነው። ቁልፍ ያዡ ቢተኛ ወይም ቢከዳ የአምስቱ በሮች ቁጥር ዋጋ የለውም። መሐንዲሶች ይህን «የጋራ ምክንያት» ይሉታል።

በቁጥር እናስረዳ። ለምሳሌ ያህል አንድ መለኪያ በመቶ ሺህ ሰዓት አንድ ጊዜ ይስታል እንበል። ሁለት መለኪያዎች ምንም የማይገናኙ ቢሆኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱም የሚስቱበት ዕድል ከዐሥር ቢሊዮን አንድ ነው። ይህ ከሕጉ በላይ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከመቶ ብልሽቶች አንዱ ሁለቱንም በአንድነት የሚመታ ቢሆን፣ ማለት በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር፣ በአንድ ዓይነት በረዶ ወይም በአንድ ሠራተኛ ስሕተት ቢሆን፣ ዕድሉ ከዐሥር ሚሊዮን አንድ ይሆናል። ከመቶ አንዷ ያን ሁሉ ትርፍ በላችው። ስለዚህ መዛኙ ትልቁን ድካሙን የሚያውለው መለኪያዎቹን ለመቍጠር ሳይሆን አንዱን ከአንዱ የሚያገናኘውን ክር ለመፈለግ ነው።

ይህም በወረቀት ላይ የቀረ አሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 2008 አንድ ኤርባስ 320 በፈረንሣይ አገር በፔርፒኞ አጠገብ ከባሕር ወድቆ በውስጡ የነበሩት 7 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። አውሮፕላኑ ሦስት የነፋስ ማዕዘን መለኪያዎች ነበሩት። ቀደም ሲል ሲታጠብ በሁለቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ስለ ነበር በበረራ ላይ ውሃው በረዶ ሆኖ በአንድ ዓይነት ማዕዘን ላይ አቆማቸው። ሁለቱ ሐሰተኞች ስለ ተስማሙ የድምፁ ሕግ እነርሱን አጸደቀና እውነተኛውን ሦስተኛ ምስክር ጣለው። ንድፉ እንደ ታዘዘው ሠራ፤ «ምስክሮቹ አልተማከሩም» የሚለው መሠረቱ ግን ፈርሶ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የአውሮፓ አገሮች ሮኬት ነው። አሪያን 5 እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ በረራው ከተነሣ 40 ሴኮንድ ሳይሞላ ተሰባበረ። አቅጣጫ ጠቋሚ ኮምፒዩተሮቹ ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ግን ከአሪያን 4 የተወረሰ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ይዘው ነበር። አዲሱ ሮኬት ከቀድሞው ይበልጥ ፈጣን ስለ ነበር ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ በለጠ። መጠባበቂያው ኮምፒዩተር አስቀድሞ ቆመ፤ ዋናውም ወዲያው በዚያው ምክንያት ተከተለው። በቀድሞው ሮኬት መልካም የነበረው ፕሮግራም ሁኔታው ሲለወጥ ጠላት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው

ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት እገዳውን ያነሣው ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ኤምካስ ሦስት ዋና ዋና ለውጦች ተደርገውበት ነበር። አንደኛ፣ የሁለቱን መለኪያዎች ቃል እንዲያነጻጽርና ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ከደረሰ እንዳይሠራ ተደረገ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። ሦስተኛ፣ አብራሪው መሪውን ስቦ ሊያሸንፈው ከሚችለው በላይ እንዳያዝ ተደረገ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ማክስን እንደገና ማብረር የጀመረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

አንባቢዎቻችን እንደሚያስተውሉት የመጀመሪያው ለውጥ ከላይ አንደኛ ብለን የቆጠርነው ንድፍ ነው። ኤምካስ ዝም ቢል አውሮፕላኑ ይበራል፤ በሐሰት ቢናገር ግን ጉዳት አለ። ስለዚህ ሁለት ምስክር አነጻጽሮ፣ ካልተስማሙ ዝም ማለት የሚስማማው ነበር። አዲስ ፍልስፍና አላስፈለገም። የአውሮፓ ባለ ሥልጣኖች ግን በዚህ ብቻ አልረኩም። ከሌሎች መለኪያዎች በሂሳብ የሚገኝ ሦስተኛ ምስክር እንዲጨመር ጠይቀው፣ ቦይንግም ማክስ 10 ለሚባለው ሞዴል ይህንን ለማዘጋጀት ተስማምቶአል።

እንግዲህ አንድ መዛኝ የታወቀ ንድፍ በቀረበለት ጊዜ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አራት ናቸው እንላለን። ይህ መሣሪያ በየትኛው ደረጃ ተቀመጠ? ደረጃውስ መሣሪያው ከተለወጠ ወዲህ እንደገና ታይቶአልን? ንድፉ ከመጣበት ቦታ ምን ይዞ መጣ፤ ምንስ ትቶ መጣ? ምስክሮቹን በስውር የሚያገናኛቸው ክር ምንድን ነው? መሣሪያው ሲሳሳት አብራሪው ምን ያያል፤ ምንስ ይሰማል? አራቱን ሳይመልስ «ይህ የታወቀ አሠራር ነው» ብሎ የሚፈርም ሰው የሐረርን ቤት ከውጭ ግንቡ ብቻ አይቶ «አውቄዋለሁ» እንደሚል ሰው ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ወጣቶችም ይመለከታቸዋል። በድሬዳዋና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንደዚሁም በአዲስ አበባው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉን። አንዳንዶቹ ነገ የአውሮፕላን መሣሪያ ይጠግናሉ፤ አንዳንዶቹም መርማሪዎች ይሆናሉ። ንድፉን በቃላቸው ከማጥናት አልፈው የንድፉን ምክንያት ቢማሩ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ሥራ ዝም ብለው ከመቀበል ይልቅ ጠይቀው ይቀበላሉ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ቤቶቿ ስላረጁ ብቻ አይደለም። የሚኖርባቸው ሰው እያንዳንዱ ነደባ ለምን እንደ ተሠራ እስከ ዛሬ ስለሚያውቅ ጭምር ነው። በመጋቢት 1 ቀን ያለቁት 157 ሰዎች ከኛ የሚጠይቁት ዕዳም ይኸው ነው። አንድ መሣሪያ «ይታመናል» በተባለ ቁጥር «ለምን? ሁለተኛው ምስክር ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳይጠፋ ይሁን።